ትልቁን የሐሳብ ካርታ ከፋፍሎ ማገናኘት



ፋይናል ሲቃረብ ብዙዎቻችን የአንድን ኮርስ ሐሳብ በሙሉ በአንድ ትልቅ ማይንድ ማፕ ላይ ለማስፈር እንሞክራለን። እኔም ለሃይድሮሎጂ አራት ወረቀት በፕላስተር አጣብቄ እንዲህ ያለ ካርታ ሠርቼ ነበር። ሳጠናው ግን ዓይኔ ማረፊያ አጣ። ፈተና ላይ እያንዳንዱን ርዕስ ለብቻው መለስኩ፤ ርዕሶቹን አገናኝቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዕሬ ቆመ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዛቸው ነገሮች ሰባት ገደማ መሆናቸውን አመልክቷል። የኔ ካርታ ከስልሳ በላይ ቃላት ነበሩበት።

መድረሳ የቀራን ሰዎች መፍትሔው አዲስ አይሆንብንም። ቁርኣንን የሚሐፍዝ ሰው 30ውን ጁዝእ በአንድ ጊዜ አይጀምርም፤ በሉሕ ላይ ጥቂት አንቀጾች ይዞ ይነሣል። በእጅ በተጻፉ የድሮ ኪታቦች ደግሞ የቀጣዩ ገጽ የመጀመሪያ ቃል በገጹ ግርጌ ይጻፍ ነበር። ወረቀቶቹ ቢበታተኑ እንኳ ያ ቃል ተከታዩን ገጽ ያሳያል። ለጥናትም ሁለቱ ያስፈልጉናል፦ መከፋፈልና ማገናኘት።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. እናት ካርታ። የኮርሱን ስም መሐል ጽፈህ ከሰባት ያልበለጡ ቅርንጫፎች አውጣ። ለሃይድሮሎጂ ዝናብ፣ ትነት፣ ስርገት፣ ፍሳሽና ጎርፍ ይበቃሉ።

2. ልጅ ካርታ። ቅርንጫፉ ሲበዛ ወደ ሌላ ወረቀት አውጣውና ቁጥር ስጠው። የምትቆርጠው ወረቀቱ ባለቀበት ሳይሆን ሐሳቡ በሚለይበት ቦታ ይሁን።

3. ማገናኛ ቃል። በሁለት ካርታ ላይ የሚገኘውን ቃል በሁለቱም ላይ በአንድ ስም ጻፍ፤ አጠገቡም የሌላኛውን ካርታ ቁጥር አስቀምጥ።

ሦስተኛውን ከዘለልን የተቆራረጠ ወረቀት ብቻ ይቀረናል። ከኮንሶ ወደ ጂንካ ስንመጣ የምንሻገረውን የወይጦን ወንዝ አስቡ። ወይጦ ከተማ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። «ዝናብ» እና «ጎርፍ» በተለያየ ወረቀት ቢሆኑና ማገናኛ ባይኖራቸው ይህን ማስረዳት አንችልም። በመንገድ ዳር ላለች ትንሽ ፈፋ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ስንመርጥም የፍሳሽ መጣኙን ከአፈሩ ካርታ፣ የዝናቡን ጥንካሬ ከዝናብ ካርታ አምጥተን በተፋሰሱ ስፋት እናባዛለን። እኔን ያቆመኝ ጥያቄም የዚህ ዓይነት ነበር።

ከፈተናው በፊት ራሳችሁን እንዲህ ፈትኑ፦ እናት ካርታዋን ብቻ ይዛችሁ ሌሎቹን ገልብጡ። ከዚያ ከአንዱ ልጅ ካርታ ወደ ሌላው የሚያደርሱትን ቃላት በቃላችሁ ቁጠሩ። የጠፋችሁ ቃል ካለ፣ ማታ መሙላት ያለባችሁ እሱን ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።