የአረጋውያን ጉልበትና አእምሮ፦ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ



ከጦሳ ተራራ ሥር በተዘረጋችው ደሴ ከቤት ወደ ደጀ ሰላም የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ ወይ አቀበት ነው ወይ ቁልቁለት። አንድ አረጋዊ አባት ጉልበታቸው ሲደክም በመጀመሪያ የሠርክ ጉባኤ ይቀርባቸዋል፤ ቀጥሎ የጽዋ ማኅበሩ፣ በመጨረሻም የሰንበት ቅዳሴው። ቤት ከዋሉ በኋላ ቀኑ ሲጠፋቸውና የልጆቻቸውን ስም ሲያቀያይሩ «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፈዋለን። በዚህ ትምህርት የጉልበት መድከምና የአእምሮ መፍዘዝ የተያያዙ መሆናቸውን፣ ሰበካችንም ሊያግዝ የሚችልበትን መንገድ እንመለከታለን።

ግንኙነቱ

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን የሚያደርሱለት ደቃቅ የደም ሥሮች ናቸው። የእግር ጉዞ ልብን ያበረታል፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ በዚህም የደም ሥሮቹን ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ የተራመዱት፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል በ2 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ ሰውነታቸውን ብቻ ያፍታቱት ግን ቀንሶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት ስላላገኙ፣ መራመድ የመርሳት በሽታን ይፈውሳል አንልም። ሆኖም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የባለሙያዎች ዘገባ ለዚህ በሽታ የሚያጋልጡ፣ ነገር ግን ሊቀነሱ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የመስማትና የማየት መድከም እንዲሁም ከሰው መነጠል ከእነዚህ መካከል ናቸው።

እንግዲህ ቤት የሚውሉ አረጋዊ ጉዞውንም፣ ወዳጅንም፣ አእምሮን የሚያሠራውንም ነገር በአንድ ጊዜ ያጣሉ። በማኅሌት ግን መቋሚያ ይዞ መቆም፣ በወረብ መንቀሳቀስ፣ ዜማውን በቃል መያዝና ከሌሎች ጋር መተባበር በአንድነት ይገኛሉ። ሥርዓቱ ለጤና ተብሎ የተሠራ ባይሆንም፣ አረጋውያን መምህራንን ከእርሱ አለማራቅ ይገባል።

ልናደርገው የሚገባ

«እርስዎ ይቀመጡ» የሚለው አክብሮት ሲበዛ ጉልበትን ያሰንፋል። አረጋውያን የሚችሉትን ሥራ አንንጠቃቸው፤ በሚያቅታቸው እናግዛቸው።

የንስሐ አባቶች ወደ ቤት ሲሄዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከቤት የወጡት መቼ ነው? በቅርቡ ወድቀዋል? በደንብ ይሰማሉ፣ ያያሉ?

ሰበካ ጉባኤው የአንድ ሰፈር አረጋውያን አብረው እንዲመጡ ያቀናጅ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ክንዳቸውን ሰጥተው አብረዋቸው ይራመዱ። በደረጃው ዳር መደገፊያ፣ በአቀበቱ መካከል መቀመጫ ማዘጋጀት፣ በክረምትም የሚያንሸራትተውን ጭቃ ማስጠረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሞቃታማ በሆነችው ኮምቦልቻ ጉዞው በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ቢሆን ይመረጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን፣ በ3 ቀናት ደግሞ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድን ይመክራል። በግድግዳ አጠገብ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ አንዱ ነው። ያን ያህል የማይችሉ በጥቂት ደቂቃ ይጀምሩ።

ጥንቃቄ

የልብ ሕመም፣ የደረት ውጋት ወይም ማዞር ያለባቸው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። መድኃኒት የሚወስዱ ስለ ጾምና ስግደት ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይመካከሩ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ ግራ መጋባት የእርጅና ምልክት አይደለም፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድን ይጠይቃል።

ለመወያያ

1. በሰበካችን ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ከቅዳሴ የቀሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? የቀሩበትስ ምክንያት ምንድን ነው?
2. ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በሚወስደው መንገድ ለአረጋውያን አስቸጋሪው ቦታ የቱ ነው? ከመጪው ክረምት በፊት ማን ያስተካክለዋል?
3. በአክብሮት ስም ከአረጋውያን የወሰድነው፣ ልንመልስላቸው የሚገባ አገልግሎት አለ?