ሽምብራችንን ከጓይ ትል እንዴት እንጠብቅ?



ከእኛ ከሠልጣኞች ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ስለሆንን የሽምብራ እሸት ጣዕም አይጠፋንም። እሸቱን ስንፈለፍል ክብ ቀዳዳ ያለበት ባዶ ልባስ እጃችን ላይ ሲቀርም አይተናል። ይህን የሚያደርሰው ጓይ ትል ነው። የተበላው ፍሬ ለሽሮ፣ ለቆሎ፣ ከሁሉም በላይ ለከርሞ ዘር የታሰበ ነበር። ይኸው ትል ጥጥን፣ ቲማቲምን፣ በቆሎንና አኩሪ አተርንም ያጠቃል።

አመሉን እንወቅ

የትሉ እናት በሌሊት የምትበር የእሳት ራት ናት። በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል አንድ በአንድ በቅጠልና በአበባ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ በመጀመሪያ ለጋ ቅጠል ይፍቃል። ጠንከር ሲል እሸቱን ይበሳና ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ገላውን ውጭ ትቶ ፍሬውን ይበላል። አንድ ትል ከ30 በላይ እሸት ሊያበላሽ ይችላል። ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል፤ ከዚያም የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ቀዳዳውን አይተን «መድኃኒት የት አለ?» ብለን ስንሯሯጥ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ያደገ ትል በቀላሉ አይሞትም፤ ራሱን እሸት ውስጥ የቀበረውንም መርጫው እንደልብ አያገኘውም።

መድኃኒት ብቻውን ለምን አይበቃም?

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ደግሞ በ1987 ጓይ ትል ፓይረትሮይድ የተባሉትን መድኃኒቶች ተቋቁሞ ተገኝቷል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ደጋግሞ ሲረጭ ደካማው ይሞታል፣ መርዙን የቻለው ይተርፍና ይራባል። በዚያ ላይ መርዙ ትሉን የሚያጠፉልንን ተርቦችና ሸረሪቶች ይፈጃል። የረጪው ጤናስ?

ስለዚህ አንዱን ዘዴ ከሌላው ጋር ማያያዝ ይበጃል፤ የተቀናጀ ተባይ መከላከል የሚባለውም ይኸው ነው።

1. ምርቱ እንደተሰበሰበ፣ መሬቱ ፈጽሞ ሳይደርቅ ጠለቅ አድርጎ ማረስ። ሙሽሬው ይገለበጥና ፀሐይና ወፍ ይጨርሱታል።

2. ጎረቤታሞች ተመካክረው በአንድ ሰሞን መዝራት። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከዘራ ትሉ ከማሳ ማሳ እየተሻገረ ይቀለባል።

3. በማሳው ውስጥ ድንብላል ጣል ጣል ማድረግ። አበባው ጠቃሚ ተርቦችን ይስባል። ወፎች የሚያርፉበት እንጨት መትከልም ትል ያስለቅማል።

4. ከአበባ ጀምሮ ማሳውን በየሳምንቱ ማየት። ነጭ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፎ ተክሉን መነቅነቅና የወደቀውን መቁጠር ነው። ትሉ አረንጓዴም ቡናማም ስለሚሆን ቀለሙ እንዳያታልለን። በአንድ ሜትር መስመር አንድ ወይም ሁለት ትል ከተገኘ እርምጃ መውሰድ ያስፈልጋል።

5. ትሎቹ ገና ትናንሽ ሳሉ የኒም ፍሬ ውኃ መርጨት። 50 ግራም የተወቀጠ የፍሬውን አስኳል በአንድ ሊትር ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ማጥለል፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ ወደ ማታ መርጨት ነው። ይህ ሁሉ ካልበቃ ብቻ በግብርና ባለሙያ ምክር መድኃኒት ይረጫል። ዕቃው ግን በምንም ዓይነት ውኃ መቅጃ አይሁን!

የእኛ የመምህራን ድርሻ

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ከእነዚህ ሥራዎች ቆጠራው ለተማሪዎች የሚስማማ ነው። በትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ጥቂት መደብ ሽምብራ ብንዘራ፣ ልጆቹ በየሳምንቱ ቆጥረው ሠንጠረዥ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ባንድ ጊዜ ይማራሉ። ማታ ቤታቸው ሲገቡም «አባባ፣ ዛሬ ትሉን ቆጠርነው፤ ገና ትንሽ ነው» ይላሉ። ገበሬው ይህን ወሬ ቀዳዳው ከመታየቱ በፊት ከሰማ፣ ዘሩን ለማትረፍ ገና ጊዜ አለው።

ለመወያያ፦ በየትውልድ ቀበሌያችን ሽምብራ የሚዘራው መቼ ነው? ትሉስ የሚበረታው በየትኛው ወር ነው? መልሳችንን ጽፈን ከዚህ ጽሑፍ ሥር እንለጥፍ።