የጾም ትምህርት ከዶካ

ለንባብ፦ ኢሳ. 58፥3-10፤ ማቴ. 6፥16-18፤ ማቴ. 15፥32-38

በደጋው አገራችን ጾምን የማያውቅ የለም። ረቡዕንና ዓርብን፣ የሁዳዴንም 55 ቀን ከጎረቤቶቻችን ጋር እየቈጠርን አድገናል። ይሁን እንጂ ከወንጌላውያን ማኅበር ብዙዎቻችን ጾምን እንደ ቀረ ነገር እንቈጥረዋለን። ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም መጾም መልካም የውጭ ልምምድ መሆኑን፣ ሰውን ለጌታ እራት የተገባ የሚያደርገው ግን እምነት መሆኑን አስተምሯል። እንግዲህ ጾም አልተከለከለም፤ የጽድቅ መግዣም አይደለም። ይህን በቃል እናውቀው ነበር፤ በሥጋችን የተማርነው ግን በዶካ ነው።

ዶካ ከመተማና ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሱዳን ከተማ ናት፤ ዙሪያዋም የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። በአካባቢዋ የኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ተጠግተውበታል፤ ኋላም ተዘግቶ ከኖረ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት ዳግመኛ ተከፈተ።

በዚያው ዓመት ለሥራ በዶካ የተቀመጥን ጥቂት ምእመናን በአንድ ቤት እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። የሕማማት ሳምንት በደረሰ ጊዜ ከሰኞ ሚያዝያ 18 እስከ ዓርብ ሚያዝያ 22 ቀን በውኃ ብቻ ልንጾም ተስማማን። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን በረመዳን፣ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችንም በሁዳዴ ነበሩ።

1. ሥጋችን የነገረን

በመጀመሪያው ቀን ራሳችንን ያመመን ከረኀቡ ይልቅ ቡና ስለ ቀረብን ነበር። በሁለተኛው ቀን ረኀቡ ጸና። ጉበት ያከማቸው ስኳር በአንድ ቀን ገደማ ያልቃልና፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት ይልቁን ስቡን እያነደደ ይኖራል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ረኀቡ ቀለለልን፤ ነገር ግን ስንነሣ ዓይናችን ይጨልም፣ እንቅልፍም ይርቀን ነበር፤ የሚያዝያም ሐሩር አደከመን። ያልጠበቅነው ግን ቍጣ ነው። በጥቂት ነገር እርስ በርሳችን ተቈጣን። ቍጣውን ያመጣብን ጾሙ አልነበረም፤ በጥጋብ ተሸፍኖ የኖረውን ገለጠብን እንጂ።

2. ስሕተታችን

ከእኛ ጋር ሕፃን የምታጠባ እኅት ነበረች። ጾሙን ባወጅን ጊዜ «አንቺ ብዪ» ያላት አልነበረም፤ እርስዋም ብቻዋን መብላት አፍራ ከእኛ ጋር ጾመች። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሕፃኑ ጡት እየያዘ ይለቅና ያለቅስ ጀመር። በጎረቤት ልብስ ልታጥብ ከኡም ራኩባ የመጣች አንዲት እናት ልቅሶውን ሰምታ ገባች። «ጾም ይዘን ነው» አልናት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እኛ በመንገድ ሳለን እህል ያጣነው ወደን አልነበረም፤ የእኔም ወተት ደርቆ ነበር። እናንተ እህል በቤታችሁ ሳለ ሕፃኑን ስለ ምን ታስርቡታላችሁ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። እርስዋም እሳት አንድዳ የማሽላ አጥሚት ሠራችና እኅታችንን አጠጣቻት። ራስዋ ግን የሕማማትን ጾም ይዛ ነበርና አልቀመሰችም።

3. የተማርነው

ሀ) ጾም በፈቃድ እንጂ በኀፍረት አይሁን። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃን፣ በሽተኛ፣ ይልቁንም የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ካለው ጾም ይቈጠብ። ያፈረ ሰው አይጠይቅምና ሽማግሌዎች ይህን አስቀድመው በጉባኤ ይናገሩ።

ለ) የጾም ፍሬ እንጀራን ማካፈል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ይህ እንደ ሆነ ያስተምራል። እኛ ግን ያልበላነውን ማሽላና ምስር ለማንም አልሰፈርንም ነበር፤ ጾማችን የቤታችን ቍጠባ ሆኖ ሊቀር ነበር። ዓርብ ዕለት ሰፍረን ወደዚያች እናት ወሰድነው።

ሐ) ረኀብን ጾም አንበለው። ጌታችን ራሱ 40 ቀን ጾመ፤ ሕዝቡ ግን ሦስት ቀን የሚበሉት አጥተው ባየ ጊዜ በመንገድ እንዳይዝሉ አበላቸው እንጂ ጹሙ አላላቸውም።

መ) ጾም በጥንቃቄ ይፈታ። ብዙ ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው በአንድ ጊዜ አብዝቶ ቢበላ ልቡ እስኪታወክ ድረስ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በቀጭን አጥሚት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር። በረኀብ የተጎዳውን ስንረዳም እንዲሁ እናድርግ፤ ወደ ሐኪምም እናድርሰው።

ለውይይት

በማኅበራችን ጾም ሲታወጅ መብላት የሚያፍር ማን ነው? ያልበላነውስ እህል ወዴት ይሄዳል?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፤ የተራበውን ያላየንበትን ጾማችንን ይቅር በለን። ሆዳችንን ባዶ ስናደርግ እጃችንን ባዶ አታድርግብን። አሜን።