ማግኔት በአረብ ብረት ውስጥ ምን ያያል?

ደብረ ታቦር ሲነሣ ጋፋት ትዝ ይለናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነበርና፤ በ1860 ዓ.ም. እየተጐተተ እስከ መቅደላ ደረሰ። ነገር ግን መድፉ የነሐስ በመሆኑ ማግኔት ብናስጠጋው አይስበውም። ማግኔት የሚስበው በዚያው በደቡብ ጐንደር ደጋ ቀጥቃጩ ወናፍ እያስነፋ የሚሠራውን ማረሻና ማጭድ ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ መድፉ አብዝተን እናወራለን፤ ስለ ማጭዱ ግን ጠይቀን አናውቅም። ዛሬ እንጠይቅ።

ቀጥቃጩ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በፍም አግሎና ቀጥቅጦ ውሃ ያጠጣዋል። ብረቱ ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። መልሶ በመጠኑ ሲያሞቀው ተሰባሪነቱ ይቀንሳል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

አረብ ብረት ማለት ጥቂት ካርቦን ያለበት ብረት ነው። ከ730 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲግል ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ይሟሟል። በድንገት ሲቀዘቅዝ መውጫ አጥቶ እንደ ታሰረ ይቀራል፤ ጥንካሬውም ተሰባሪነቱም ከዚህ ይመጣል። እንደገና ሲሞቅ ካርቦኑ ይለቀቅና ከብረቱ ጋራ ተዋሕዶ ካርባይድ የተባሉ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይሠራል። ዋነኛው ሴሜንታይት ሲሆን፣ ለአንድ የካርቦን አቶም ሦስት የብረት አቶሞች አሉት። ሙቀቱ ሲጨምር ትንንሾቹ ቅንጣቶች ይጠፋሉ፣ ትልልቆቹ ይወፍራሉ፤ ብረቱም ይለሰልሳል።

ታዲያ ብረቱን ሳንሰብር ይህን በምን እናውቃለን? በማግኔት ነው። ንጹሕ ብረት የማግኔት ጠባዩን የሚያጣው በ770 ዲግሪ ሲሆን፣ ሴሜንታይት ግን በ210 ገደማ ያጣዋል። ስለዚህ ናሙናውን በብርቱ ማግኔት መካከል አድርገን ስናሞቀው፣ በ210 አጠገብ የሚታየው ቅናሽ የሴሜንታይቱን መጠን ይነግረናል። ናሙናው ግን አስቀድሞ ከዚያ በላይ የሞቀ መሆን አለበት፤ አለዚያ ምርመራው ራሱ ብረቱን ይለውጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ማግኔት የሆነውን ብረት ማግኔትነቱን ለማስለቀቅ ምን ያህል ተቃራኒ ኃይል እንደሚያስፈልግ መለካት ነው። ውሃ የጠጣ ብረት በግድ ይለቃል፤ መልሶ ሲሞቅና ቅንጣቶቹ ሲተልቁ ግን በቀላሉ። ይህ ቁጥር በብረቱ ውስጣዊ ውጥረትም ስለሚለወጥ፣ አሠራሩ ከሚታወቅ ናሙና ጋራ ማስተያየት ይገባል።

ላቦራቶሪ በመለኪያ የሚያነበውን ቀጥቃጩ በጋለው ብረት ቀለምና በእጁ ልምድ ይገምተዋል። ይህን ሰው «ቡዳ» እያልን ስናርቀው ዕውቀቱንም አብረን አራቅን። የሳይንስ ተማሪው መለኪያውን፣ እኛም ብዕራችንን ይዘን ወደ ወናፉ ብንቀርብ፣ የምንማረው ከምናስተምረው ይበልጣል።