የፓርኪንግ መብትዎን ከኅብረት ስምምነቱ ፈልገው የሚያስከብሩበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በካውንቲ ሆስፒታል፣ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚሠራ ሰው የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ የደመወዝ ጉዳይ ነው። ዩኒየኑ ታግሎ ያስጨመረው ገንዘብ በፓርኪንግ ክፍያ ጭማሪ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል። ሌሊት ለሚገቡ ደግሞ ከመኪናው እስከ በሩ ያለው ጨለማ የደኅንነት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ እርስዎን የሚመለከተውን የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ውሉን፣ ያግኙ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የነርሶችና የጽዳት ሠራተኞች ስምምነት ሊለያይ ስለሚችል ጓደኛዎ የነገረዎት ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። ውሉን ሲከፍቱ ስለ ፓርኪንግ የሚናገረውን አንቀጽ ብቻ አይፈልጉ፤ የጉዞ ወጪን፣ የሥራ ሁኔታንና ደኅንነትን የሚመለከቱትንም ያንብቡ። ከውሉ በኋላ የተፈረሙ ተጨማሪ ደብዳቤዎችንም ከዩኒየን ተወካዩ ይጠይቁ፤ ዋናው ቃል ኪዳን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ እነዚህን ይመርምሩ፦ ክፍያው ስንት ነው? ውሉ ሳያልቅ አሠሪው ሊጨምረው ይችላል? የፓርኪንግ ፐርሚቱ ቦታ ያስገኛል ወይስ ቦታ ካለ ብቻ መግባት ያስችላል? በራስዎ መኪና ለሥራ ከተላኩ የፓርኪንግ ሜትሩን ክፍያ ማን ይከፍላል? «በተቻለ መጠን» የሚል ሐረግ ካለበት አሠሪው ብዙም አልተገደደም።

የደመወዝ ወረቀትዎንም ይዩ። አሠሪው ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ካለው የፓርኪንግ ክፍያ ከታክስ በፊት ሊቆረጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ ጣሪያ በወር 325 ዶላር ነበር። አካል ጉዳት ያለበት ሠራተኛ ደግሞ ውሉ ምንም ባይል እንኳ፣ በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ቅርብ ቦታ እንዲመደብለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ክፍያው ድንገት ጨመረ፣ ወይም ለዓመታት ያቆሙበት ቦታ ተዘጋ እንበል። በንዴት መክፈል አያቁሙ፤ መኪናዎ ይጎተታል፣ ጉዳዩም ወደ ዲሲፕሊን ይዞራል። እየከፈሉ ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። የወጣውን ማስታወቂያና የድሮውንና የአዲሱን የደመወዝ ወረቀት ይያዙ፤ ያኔውኑ ወደ ዩኒየን ተወካዩ ይሂዱ። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ በውሉ በቀን ተቆጥሮ ተቀምጧል። የሥራ ቀን ይሁን የካላንደር ቀን ያረጋግጡ፤ ቀኑ ካለፈ እውነት ይዘው ሊሸነፉ ይችላሉ። ቅሬታው የተጣሰውን አንቀጽና የሚፈልጉትን መፍትሔ በስም ይጥራ፦ ክፍያው ወደ ነበረበት ይመለስ፣ የተቆረጠውም ይመለስልን። ከሥራ ባልደረቦች ጋር በጋራ ቢቀርብ ይጠነክራል። አባል አይደለሁም ብለው አይቅሩ፤ ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ መዋጮ መክፈል ግዴታ ባይሆንም፣ ዩኒየኑ በአጠቃላይ በሚወክለው የሥራ ክፍል ያለውን ሠራተኛ ሁሉ በፍትሐዊነት የመወከል ግዴታ አለበት። ወደ ግልግል ዳኝነት የመውሰዱ ውሳኔ ግን በአብዛኛው የዩኒየኑ ነው።

ውሉ ስለ ፓርኪንግ ዝም ካለ፣ የቆየው አሠራር ራሱ ክርክር ሊሆን ይችላል። አቤት የሚባልበትን ቦታ ግን አይሳቱ። የ1935ቱ የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ የስቴትና የከተማ መንግሥታትን አይጨምርም፤ ስለዚህ የሚታየው የስቴትዎ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ቦርድ አላቸው። ቨርጂኒያ ከግንቦት 2021 ጀምሮ ከተሞችና ካውንቲዎች ራሳቸው ደንብ ካወጡ የኅብረት ድርድር ፈቅዳለች። ሰሜን ካሮላይና ግን ከ1959 ጀምሮ ይህን ድርድር ትከለክላለች።

ቀጣዩ ድርድር ሳይከፈት በፊት የፓርኪንግ ሐሳብዎን ለተደራዳሪ ኮሚቴው ያስገቡ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያቆም ከባልደረቦችዎ ይሰብስቡ። የክፍያው ጭማሪ ከደመወዝ ጭማሪው በመቶኛ እንዳይበልጥ፣ ለሌሊት ገቢዎች ከበሩ ቅርብ የሆነ ቦታ እንዲያዝ፣ ከመኪናቸው ድረስ የሚሸኛቸው ጥበቃም እንዲኖር በግልጽ ይጠይቁ።