ዓሣና አረባቡ

ዶሮ 21 ቀን እንደምትታቀፍ ሁላችንም እናውቃለን። ላም ዘጠኝ ወር እንደምታረግዝም አይጠፋንም። ስለ ዓሣ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ጣዕሙን ነው። እንቁላሉን የት እንደሚጥል የማያውቅ ሰው ደግሞ ሳያስበው ዘሩን ሊያጠፋው ይችላል። የጣናን ዓሣ ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

አስቀድሞ አካሉን እንይ። ዓሣ እንደ ከብት የጀርባ አጥንት አለው፤ ደሙም ቀይ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ግን ከውሃው ጋር ይለዋወጣል። ክንፎቹ መቅዘፊያዎቹ ናቸው፤ ወደ ፊት የሚገፋው በተለይ ጅራቱ ነው። በጎኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ የተሰመረች ቀጭን መስመር አለች። ይህች ጌጥ አይደለችም፤ የውሃውን ንቅናቄ የሚሰማባት ናት። በጨለማ እንኳ ታንኳ ሲጠጋው የሚያውቀው በሷም ጭምር ነው።

የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው። የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ብታዩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ ሥጋ ታገኛላችሁ፤ ስንጥብ የሚባለው ይኸው ነው። ዓሣው ውሃ በአፉ ያስገባል፤ ውሃው በስንጥቡ ሲያልፍ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ወደ ደሙ ይገባል። ታዲያ ከውሃ ሲወጣ አየር ሞልቶ ሳለ ለምን ይሞታል? ስንጥቡ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅና ስለሚደርቅ ነው።

በጣና በብዛት የሚያዙት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው።

ቆሮሶ ጎኑ ሰፊ፣ የጀርባው ክንፍ እሾሃም ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መሬቱን ጎድጉዶ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። የሚፈለፈለውም እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ወጥተው ሲዋኙ እንኳ አደጋ ከመጣ ተመልሰው ይገቡባታል። እናት ማለት እንዲህ ናት እንጂ!

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ጢም ግን አለው። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት ይቆያል። በክረምት ውሃ ወደ ሸፈነው ሣር ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል፤ ጥሎም ይሄዳል።

ዋናው ጉዳያችን ነጭ ዓሣ ነው። በጣና 15 ያህል ዓይነት አለ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ እነዚህ ቢያልቁ መጥቶ የሚተካቸው የለም።

ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበትን ጥሩ ውሃ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጠጠሩ ላይ ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ይረጭበታል። እንግዲህ ጽንሱ የሚሆነው ከእናቲቱ ሆድ ውጪ ነው ማለት ነው። እንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሩ መካከል ከሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ከታረሰ ዳገት የታጠበ አፈር ቢደፋበት ታፍኖ ይቀራል። እስከ ወንዝ ከንፈር ማረስ መሬቱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ በጣና የሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ ተስፋፋ። መረቡም ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው በወንዝ አፍ ነበር፤ ዓሣው ተሰብስቦ ይገኛላ! ነገር ግን ያን ጊዜ የምትያዝ ሴት ሆዷ በሺህ በሚቆጠር እንቁላል የተሞላ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይደርስም፤ ለመራባት ዓመታት ይፈልጋል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ምርቱ በእጅጉ ያሽቆለቆለበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተንም አለ። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ አጥማጁ ትልቁን ይለቅማል፣ ጫጩቱ ሞቶ ቁልቁል ይፈስሳል።

በነዚያ ወራት ነጭ ዓሣ ብትይዙ ሆዷን ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። እንቁላል ከፈሰሰ ልትጥል የደረሰች ናት፤ ነፍሷ ሳይወጣ ወደ ውሃው መልሷት።