ከመጻፍሽ በፊት አንብቢ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

«ጋሼ፣ በቴሌግራም ለሚወጡ የጽሑፍና የትርጉም ሥራዎች ላመልክት ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» ብለሽኝ ነበር። እኔ ሥራ የፈለግሁት በ1980ዎቹ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቼ ነው። ቀጣዩ ተከራይ አናቴ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ማስታወቂያውን በጥድፊያ እገለብጥ ነበር። አንድ ቀን «በፖስታ ብቻ» የሚለውን ዘልዬ ኮተቤ ድረስ በእግሬ ሄጄ ከዘበኛው ደጃፍ ተመለስኩ። ዛሬ ማስታወቂያው እጅሽ ላይ ነው፤ ጥድፊያው ግን አልቀረም።

1. መጀመሪያ አንባቢ ሁኚ። ምን ዓይነት ጽሑፍ? ስንት ገጽ? ለማን? እስከ መቼ? በስንት? «ጎበዝ ጸሐፊ እንፈልጋለን፤ ክፍያው ማራኪ ነው፤ በውስጥ መስመር አናግሩን» የሚል ማስታወቂያ ከአምስቱ አንዱንም አልመለሰም። ጠይቂው። ከሸሸሽ ተዪው።

2. ገንዘብ አትላኪ። «ለመመዝገቢያ 300 ብር በቴሌብር አስገቢ» ያለሽ ሰው ሥራው አንቺ ነሽ። በስልክሽ የገባ የማረጋገጫ ቁጥር ንገሪኝ የሚልም የዚያው ወንድም ነው።

3. ናሙና ስጪ እንጂ ሥራውን አትስጪ። አንድ ድርጅት «ለፈተና ነው» ብሎ 12 ገጽ ሰጠኝ፤ ሁለት ሌሊት አምሽቼ ተርጉሜ መለስኩ። ድምፁ ጠፋ። ከወራት በኋላ መጽሐፉ ታትሞ አየሁት፤ እኔ የገደፍኳት ፊደል እንኳ ሳትታረም ተቀምጣለች። ከእኔ ገጾች በፊትና በኋላ ያለው አማርኛ የሌላ ሰው እጅ ነበር። ለካ መጽሐፉን ለተፈታኞች ቆራርጦ አድሎ በነጻ አስጨርሶታል! ለናሙና ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፈለጉ ቀድሞ የጻፍሽውን አሳዪ።

4. ማመልከቻሽ ለዚያ ማስታወቂያ ብቻ የተጻፈ ይሁን። ያንኑ ደብዳቤ ለሃምሳ ሰው መበተን ሃምሳ ጊዜ መናቅ ነው። ቡና ላኪ ለፌስቡክ ገጹ ጸሐፊ ከፈለገ፣ ስለ ይርጋጨፌ ቡና አራት መስመር ጽፈሽ ላኪለት፤ ከሲቪሽ በፊት እሷን ያነባል። ደግሞ «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ ጀምረሽ በእሳቱ ሰ አትጨርሺ።

5. ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ቆጠራው በምን እንደሆነ ተስማሚ። እንግሊዝኛ በሦስት ቃል የሚለውን አማርኛ «ከቤታችን» ብሎ በአንድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ስትተረጉሚ በቃል የሚከፈልሽ ከሆነ የሚቆጠረው የምንጩ ቃል ይሁን፤ ባማርኛው ከተቆጠረ ድካምሽ ሳይቀንስ ሒሳብሽ ይቀንሳል። በገጽም ከሆነ የፊደሉን መጠንና የመስመሩን ክፍተት ቀድመሽ ወስኚ። አለዚያ አንድ ገጽ የተባለው ጥቅጥቅ ብሎ ሁለት ሆኖ ይመጣል።

6. ቀብድ ተቀበዪ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያዢ። ለማታውቂው ሰው ሲሶውን ወይም ግማሹን ሳትቀበዪ አትጀምሪ። በቴሌግራም የተባባላችሁትን እሱ ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስክሪንሻት አንሺ፣ ወይም በኢሜይል ያረጋግጥልሽ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በውል ተሠርቶ የተሰጠን ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአሠሪው ነው የሚሰጠው። ስምሽ እንዲወጣ ወይም ጽሑፉን ደግመሽ ልትጠቀሚበት ከፈለግሽ አስቀድመሽ አስጽፊው። ካስረከብሽ በኋላ መለመን ይሆናል።

7. መዝገብ ያዢ። ማን መለሰ፣ ማን በቀኑ ከፈለ፣ ማን አሥር ጊዜ አስደወለ፤ በአንድ ደብተር ላይ ይስፈር። በቀኑ የከፈለሽን ሰው በወሩ «ሌላ ሥራ አለ?» ብለሽ ጠይቂው። እኔን ብዙ ዓመት ያበላኝ ከማስታወቂያ ያገኘሁት ሰው ሁለተኛ ሥራው ነው።

8. የጻፍሽውን ከመላክሽ በፊት ለሰው ጮክ ብለሽ አንብቢ። ምላስሽ የተሰናከለበት ቦታ የአንባቢሽም ዓይን ይሰናከላል። ሰው ካጣሽ እኔ ዘንድ ነዪ። ዛሬ ጋዜጣ አልተከራየሁም፤ አልቸኩልም።

አጎትሽ